ጋሽ ኤጭና መሃሉ ባዶው ትራስ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሰፈሩ ከልጅ እስከ ሽማግሌ "ጋሽ ኤጭ" ነው የሚለው። ለምን ቢባል፣ ሰውየው ቀኑን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በዚችው ቃል ነበር። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደጃፉ ላይ አክታ ካየ "ኤጭ!"፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የቆመ ሰው ብብቱ ከሸተተው "ኤጭ!"፣ ዝንብ ሻዩ ውስጥ ከገባች ሻዩን ከነብርጭቆው ወርውሮ "ኤጭ!"። ሲያስነጥስ አፉን ያልሸፈነ ደንበኛ ከሱቁ ተባሮ ያውቃል። ሰው ይስቅበታል እንጂ አይቀየመውም፤ ዓመሉ ነው፣ ዓመል ደግሞ ያው ዓመል ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት ጠጋኝ ወይም ወርቅ ሠሪ ቢሆን ምንኛ ባማረበት! እሱ ግን ሶፋ አዳሽ ነው። ያገለገለ ሶፋ ደግሞ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የሰው ልጅ ጉድ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ማለት ነው። ላዩ አበባ የተረጨበት ጨርቅ፣ ውስጡ ገሃነም። ጨርቁን ገፈፍ ሲያደርገው የተቆረጠ ጥፍር አለ፣ የተላሰ ከረሜላ ፀጉር ለብሶ አለ፣ የሕፃን ትውከት የጠጣ ስፖንጅ አለ፣ ሽንት ያዛገው ሞላ አለ፤ አንዳንዴም የደረቀች አይጥ ከነጭራዋ ትገኛለች። ጋሽ ኤጭ ጓንቱን ደርቦ፣ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ እየተራገመ ያወጣዋል። "እዚህ ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይጋብዛሉ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ሰው!" ይላል። ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው። ላስቲኩን እንደሱ አጥብቆ የሚወጥር፣ ስፖንጁን እንደሱ ልክ አድርጎ የሚቆርጥ በአካባቢው አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይቀመጥበታል፣ ወገቡን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እሱ ያልተቀመጠበት ወንበር ከሱቅ አይወጣም።

የሚገርመው ደግሞ ሚስቱ ነች። ዓለም ላይ ስንት ዓይነት ሥራ ሞልቶ፣ ዓሣ የምትሸጥ ሴት አገባ! ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ቆማ ሆድ ስትሰነጥቅ፣ አንጀት ስትጎለጉል፣ ቅርፊት ስትፍቅ ትውላለች። ታዲያ ማታ ስትመጣ በቀጥታ ወደ ቤት አትገባም። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ላይ ሁልጊዜ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ ይቀመጥላታል። በብርድም በዝናብም እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ አሽታ፣ ታጥባ፣ ቀሚሷን ለውጣ ነው የምትገባው። አንድ ቀን ረስታ ብትገባ "ኤጭ! አንቺ ሴትዮ!" ብሎ መስኮት ሁሉ ከፍቷል። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። ሎሚውን የሚቆርጠው ራሱ ስለነበር፣ እሱ ይሄንን እንደ ፍቅር ይቆጥረው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ።

በደም ነበር የጀመረው። ይሄን ሰውየው አያውቅም፤ ምክንያቱም አያይም። ጋሽ ኤጭ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወደ ታች አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃውን ይለቅና እጁን ሁለቴ ታጥቦ ይወጣል። ሲያቃጥለው "ኪንታሮት ነው፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሁሉ አለበት" አለ። ሲከሳ "ምግብ አስጠላኝ" አለ። ምግብማ መች ሳያስጠላው ቀርቶ ያውቃል! ደሙን ያገኘችው ሚስቱ ናት፣ ልብስ ስታጥብ። የዓሣ ደም ይሆናል ብላ ሽታውን አየች፤ አይደለም። እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ዶክተሯ ለጋ ናት፣ ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ኩራት የለም። ጓንት ስታጠልቅ አያትና ጠረጠረ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"በጣቴ ልመረምርዎ ነው፣ ጋሼ። ወደ ግራ ጎንዎ ይተኙልኝ።"

"ኤጭ! ልጄ፣ አንቺ ምን በወጣሽ! ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተምረሽ እዚህ ትገቢያለሽ?"

ዶክተሯ ሳቀች፤ ከመረመረችው በኋላ ግን አልሳቀችም። ካንሰር ነበር። የትልቁ አንጀት ጫፍ ላይ፣ መውጫው በር አጠገብ ተጣብቆ የተቀመጠ። መጀመሪያ በጨረር ተቃጠለ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ሆነ። የአንጀቱን ጫፍ ከነመውጫው አወጡለት። ከስር የነበረው በር ለዘለዓለም ተሰፋ፤ የተረፈው አንጀት ሆዱ ላይ በግራ በኩል በቀዳዳ ወጥቶ ከረጢት ተለጠፈበት። ከእንግዲህ ሰገራው የሚወጣው በዚያ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ፣ ሳይጠየቅ፣ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ድምፅ።

አስቡት እንግዲህ። የሰው አክታ አይቶ ቁርሱን የሚተው ሰው! ነርሷ ከረጢቱን ስትቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥርሱን ይነክሳል። አንዴ ሆዱ ላይ የወጣውን አንጀት በስህተት አየው፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ሕይወት ያለው፣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ። "ይሄ እኔ አይደለሁም" አለ ለራሱ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ገላው ቀፈፈው።

አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቷል። ግዙፍ ሰው ነው፣ ድምፁ እንደ ጥሩምባ። እሱም ያው ኦፕራሲዮን፣ ያው ከረጢት። ልዩነቱ፣ ሾፌሩ ከረጢቱን "ተሳቢዬ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። "እህቴ፣ ተሳቢው ሞልቷል፣ የት ላራግፍ?" እያለ ነርሶቹን ያስቃል። ከረጢቱ ድምፅ ሲያሰማ "መንገድ ልቀቁ!" ይላል። ጋሽ ኤጭ አንሶላውን እስከ አፍንጫው ስቦ "ኤጭ፣ ኤጭ፣ ኤጭ" ሲል ሾፌሩ ይባስ ብሎ በሳቅ ይፈርሳል። ለነገሩ ይዋደዱ ነበር። አንድ ዓይነት ጉድ የደረሰባቸው ሰዎች ወደውም ሆነ ሳይወዱ ይዛመዳሉ።

ሲወጡ ዶክተሯ ሁለቱንም እኩል አስጠነቀቀች። "ጨረር የነካው ሥጋ እንደ ድሮ ቶሎ አይገጥምም። እዚያ ታች አንጀትና ፊኛ የሚያርፉበት ወለል ነበር፤ አሁን ያ ወለል ተነሥቶ ስፌት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መቀመጥ የለም። በጎናችሁ ተኙ፣ ቁሙ፣ ተራመዱ። መቀመጥ ግን እኔ ካልኩ በኋላ ነው።"

ጋሽ ኤጭ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ከሚስቱ መለየት ነው። ሱቁ ጥግ፣ ከጨርቅ ጥቅልሎቹ ጀርባ፣ ፍራሽ አነጠፈ። ከረጢቱን የሚቀይረው በሩን ቆልፎ፣ ጓንት ደርቦ፣ አፍንጫውን በዚያችው በሥራ ጨርቅ አስሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ ነው፤ ልክ አሮጌ ሶፋ ሲገፍፍ እንደሚያደርገው። ሽንኩርት ተወ፣ ጎመን ተወ፣ እንቁላል ተወ፤ ሩዝና ደረቅ ዳቦ ብቻ ሆነ ኑሮው። ሚስቱ "ላግዝህ" ብላ በር ስታንኳኳ "ሂጂ!" ይላታል።

"ምን እንዳላይ ነው?"

"የሚታይ ነገር የለም! ሂጂ አልኩሽ እኮ!"

እሷም ትሄዳለች። ሻዩን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ እስረኛ።

መቆም ሰለቸው፣ መተኛት ሰለቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሥራው ጠራው። ግማሽ የተገፈፉ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ያዩታል፤ የስፌት መኪናዋ አቧራ ለብሳለች። በስፌት መኪና ደግሞ ቆሞ አይሠራም። ዞር አለ፣ አሰበ፣ ፈገግ አለ። "መቀመጥ የተከለከለው ቁስሉ እንዳይነካ አይደል? የማይነካ መቀመጫ ብሠራስ?"

ሠራ! ስር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ላዩ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ክብ አድርጎ ቆረጠው፤ መሃሉን ቀዳዳ አወጣለት፤ ቡናማ ቆዳ አለበሰው፤ ጠርዙን ደርቦ ሰፋው። እንዲህ ያለ የተዋጣለት ሥራ ካንሰሩ ከመጣ ወዲህ ከእጁ አልወጣም ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠበት። ምንም አልነካውም፣ ቁስሉ አየር ላይ ነው! ወገቡን ግራና ቀኝ አወዛወዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "እንዲህ ነው እንጂ! ዶክተር ሁሉ ቢሰበሰብ ይቺን አይሠራትም" አለ። ደስታው ከመብዛቱ የተነሳ ሁለተኛ ሠርቶ ለሾፌሩ ላከለት። ሾፌሩም ስልክ ደውሎ ምርቃቱን አዘነበው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኤጭ ከትራሱ አልወርድ አለ። ጠዋት ይቀመጣል፣ ማታ ይነሳል። መኪናዋ ትጮሃለች፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ይለብሳሉ፤ ሚስቱ እንኳ ድምፁን ሰምታ "እግዜር ይመስገን፣ ተሻለው" አለች።

አልተሻለውም። መጀመሪያ እርጥበት መጣ። ላብ ነው አለ። ከዚያ ሽታ መጣ። የከረጢቱ ሽታ መስሎት ከረጢቱን ቀየረ፤ ሽታው አልሄደም። የከረጢቱን ሽታ ሳይወድ በግዱ ለምዶታል፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው፣ ጣፋጭ ቢጤ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ፀሐይ ላይ የተረሳ ሥጋ። የሶፋ ጨርቅ ቀዶ ሱሪው ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረ። ጨርቁ ሲርስ ከሱቁ ጀርባ ያቃጥለዋል።

"ምንድነው የሚቃጠለው?" ትላለች ሚስቱ።

"አሮጌ ስፖንጅ።"

"ስፖንጅ እንዲህ አይሸትም።"

"አንቺ ደግሞ የሽታ አዋቂ ሆንሽ! ዓሣሽን ሽጪ!"

ተናግሮ ራሱን ጠላ። ትኩሳት ያንቀጠቅጠው ጀመር። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በሩን ቆልፎ፣ የደንበኛ መስታወት ወለሉ ላይ አጋድሞ፣ እግሩን ከፍቶ ቆመበት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየ።

ስፌቱ የለም። ስፌቱ በነበረበት ቦታ አፍ አለ፤ የተከፈተ፣ ጠርዙ የገረጣ፣ ውስጡ ቢጫና አረንጓዴ፣ የሚያንጠባጥብ አፍ። ጣት ይገባዋል። ሁለት ጣትም ይገባዋል። ጋሽ ኤጭ "ኤጭ" ለማለት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ሩዙ ወጣ። መስታወቱ ላይ።

ትውከቱን ሲጠርግ ዓይኑ ትራሱ ላይ አረፈ፤ ያኔ ገባው። ሞኝ! ለደንበኛ ሁሉ ስንቴ ተናግሮታል፤ "ጠርዙን ደግፈህ መሃሉን ባዶ ከተውከው መሃሉ ይወርዳል፣ ሲወርድ ስፌቱን ይተረትራል" እያለ ስንቱን ሥራ ያልገባው አናጢ ሰድቧል! አሁን የራሱን ገላ ጠርዙን ደግፎ፣ መሃሉን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስተረትረው ከረመ። ቆዳው ባማረ፣ ስፌቱ በተዋጣ ትራስ።

ታዲያ ያን ዕለት ለዶክተሯ ቢደውል ምን ነበረበት? ለሚስቱ ቢነግርስ? አይ! እንዲህ ብሎ ወሰነ፦ እሞታለሁ እንጂ ይሄንን ለሰው አላሳይም። አያችሁ፣ ሞት አላስፈራውም። ያስፈራው የሚስቱ ፊት ነበር። ያቺ ሴት ወደዚያ አፍ አይታ ፊቷን ስታጨማድድ ታየው። እሱ የዓሣ ሽታ አልችልም ብሎ ሠላሳ ዓመት ውጭ ያቆማት ሰው፣ ይሄን ይዞ በምን ዓይኑ ያያታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እሱም ያውቀዋል። ማወቅና ማሳየት ግን ለየቅል ናቸው። ጨርቁን ጠቀጠቀና በጎኑ ተኛ። ትራሱን ወደ ጥግ ወረወረው።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ሾፌሩ ነው።

"ጋሼ! እጅዎን ይባርከው! ከዚያ ትራስ ላይ አልወርድም ብዬ ባለቤቴ ልትፈታኝ ነው!"

"እህ።"

"ስሙኝማ፣ ነገ መኪናዬ ላይ ልወጣ ነው። ትራሷን የሾፌር ወንበር ላይ አስሬያታለሁ። ልክክ አለች!"

ጋሽ ኤጭ ፍራሹ ላይ በክርኑ ተነሳ። "ቁስልህስ?"

"ደህና ነው። ትንሽ እርጥበት ቢጤ አለው እንጂ። ላብ ነው መሰለኝ።"

ላብ። መናገር ማለት ያንን አፍ በቃል መክፈት ማለት ነው። ዝም ማለት ደግሞ ያን ግዙፍ ሳቂታ ሰው በገዛ እጁ በሰፋው ቆዳ ላይ አስቀምጦ ማበስበስ ነው። "መልካም መንገድ" ሊል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ሽታው ከስር ወጥቶ አፍንጫው ላይ መጣበት፤ ያው ሽታ በሾፌሩ ቤት፣ በሾፌሩ ሱሪ ውስጥ ታየው።

"ተነስ!" ብሎ ጮኸ። "አሁኑኑ ተነስ ከላዩ ላይ!"

"ምን?"

"ትራሱን ጣለው! እሳት ልቀቅበት! የኔ ተተርትሯል፣ ትሰማኛለህ? መግል ነው፣ ይገማል፣ ሁለት ጣት ይገባዋል! ቁጭ ባልኩ ቁጥር ትራሱ ነው ሲቀድደኝ የከረመው! እኔ ነኝ የሠራሁት! ላብ አይደለም ያንተም፣ ላብ እንዳይመስልህ!"

የሾፌሩ ጥሩምባ ድምፅ ዝቅ አለ። "ጋሼ… ሐኪም አየልዎት?" አለ።

"ማንም አላየውም።"

"ባለቤትዎስ?"

"ማንም አላየውም አልኩህ! አንተ ግን ዛሬውኑ ሂድ። ማልልኝ።"

ሾፌሩ ማለ። ጋሽ ኤጭ ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል በሩ ላይ ሚስቱ ቆማለች። ያን ዕለት ገበያው ቀዝቅዞባት ቶሎ መጥታ ኖሯል። ጩኸቱን ሰምታ ሎሚውን እንደያዘች፣ ሳትታጠብ፣ ክንዷ ላይ ቅርፊት እንደተለጠፈ ገብታለች።

"ዙር" አለችው።

"ተይኝ።"

"ዙር፣ ልየው።"

"ትጸየፊኛለሽ! አንቺ አታውቂም፣ እኔ ራሴ ነኝ የተጸየፍኩት፣ እኔ…"

"ዙር አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

ዞረ። ሱሪውን አወረደ፣ ጨርቁን አወጣ። ፊቱን ከጨርቅ ጥቅልል ውስጥ ቀበረ። ከዚያ ኮቴዋን ሰማ፤ እየሮጠች ወጣች። ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው ስር፣ ስታስታውክ ሰማት፤ ከሆዷ ድረስ፣ ደጋግማ። በቃ፣ አለ ልቡ። አበቃ። ሄደች።

ቧንቧው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ኮቴው ተመለሰ። አፏን በክንዷ እየጠረገች መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች።

"ሲያስጠላ!" አለች። "በስመ አብ! እድሜዬን ሙሉ የዓሣ ሆድ ስፈታ ኖሬ እንዲህ የሚያስጠላ ነገር አላየሁም።"

"አላልኩሽም?" አለ ጥቅልሉ ውስጥ ሆኖ፤ እንባው ጨርቁን አራሰው።

"አልክ። አሁን ተነስ፣ ጫማህን አድርግ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት?"

ያኔ ነው የፈነዳችው። "ስማ! ይሄን ሁሉ ዓመት በብርድ እዚያ ቧንቧ ስር ቆሜ ክንዴን በሎሚ ስልጥ፣ ቆዳዬ ሲሰነጣጠቅ፣ አንድ ቀን አጉረምርሜ አውቃለሁ? ሞኝ ሆኜ መሰለህ? እንድገባ ነው! ታጥቤ እንድገባ! አንተ ግን ቆልፈህብኝ ስትበሰብስ ከረምክ። ከዚህ ቁስል በላይ የሚያስጠላው እሱ ነው፣ ከሰማኸኝ!"

ጫማውን አደረገችለት።

ዶክተሯ አይታ አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። መግሉን ጠርገው፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው፣ ደጋግመው አጠቡት። ካንሰሩ አልተመለሰም፤ ያ ተመርምሮ ሲነገር ሚስቱ አማተበች። ቀጥሎ ግን ያን ጉድጓድ መሙላት ነበረባቸው።

"ስፌት ብቻውን አይይዘውም" አለች ዶክተሯ። "ከጭንዎ የውስጥ በኩል አንድ ጡንቻ ከነቆዳው፣ ከነደም ስሩ አንስተን፣ ወደ ታች አዙረን አዲስ ወለል እንሠራለን። አንጀትዎ እዚያ ላይ ያርፋል።"

"ማለት… ከሌላ ቦታ ነቅለሽ ትጠቀጥቂያለሽ። እንደ ስፖንጅ።"

"ስፖንጅ ሞቶ ነው የሚገባው፣ ጋሼ። ይሄ በሕይወቱ ነው የሚገባው። ደሙ እንዳይቋረጥ ነው እኔን ጭንቅ የሚለኝ።" ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። "እንዲህ እስኪሆን ለምን አልመጡም?"

"ቀፍፎኝ" አለ። ሌላ ቃል አላገኘም።

ኦፕራሲዮኑ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሲነቃ ጭኑ ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ አካባቢ ተሰፍቷል፤ ከስር የሆነ እንግዳ፣ ወፍራም፣ ደንዛዛ ነገር ተጨምሮበታል። የሌላ ሰው ሥጋ የተቀመጠበት መሰለው፤ ለካ የገዛ ጭኑ ነው። እንደገና መቀመጥ ተከለከለ። አሁን ግን ትእዛዙን የምታስከብረው ሚስቱ ነበረች፤ ከእሷ ማን ያመልጣል! ፍራሹን ከሱቁ አንስታ ወደ መኝታ ቤት መለሰችው። የሱቁን ቁልፍ ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

በየማታው ቁስሉን የምታጥበው እሷ ነች። ሎሚዋን ጨርሳ፣ እጇን በሳሙና ደግማ ታጥባ ትገባለች። ፋሻውን ገለጥ አድርጋ "ኤጭ!" ትላለች።

"ይቅርታ" ይላል እሱ።

"ዝም ብለህ ዙር።"

በየማታው እንዲሁ ነው፤ "ኤጭ"፣ "ይቅርታ"፣ "ዙር"። ዛሬ ላመሰግናት ነው እያለ የሚጀምርበት ማታ ነበር፤ ፋሻው ሲገለጥ ግን ነገሩ ሁሉ አፉ ውስጥ ይቀራል። ቁስሉ እየጠበበ መጣ። ሽታው መጀመሪያ ቀነሰ፣ ኋላ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ አዲሱ ሥጋ የጭን ቆዳ ነውና ፀጉር አበቀለ። ሚስቱ ስትነግረው ጋሽ ኤጭ ትራስ ነክሶ አለቀሰ። እሷ ደግሞ ሳቀች። "ምን አለበት፣ ማን ያበጥረዋል!" ብላ ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ፣ እየተጸየፈ።

ሾፌሩ ሊጠይቀው መጣ፣ ትራሱን ብብቱ ስር ሸጉጦ። ያኔ በዚያው ቀን ሄዶ ኖሮ የሱ ስፌት ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የተላቀቀው፤ በፋሻ ብቻ እየገጠመ ነው። የጋሽ ኤጭ ሚስት የሱቁን ቁልፍ አወጣች። ሦስት አዲስ ሶፋ፣ ስድስት ወንበር በተደረደረበት ቤት ውስጥ ሁለቱም መቀመጥ አልተፈቀደላቸውምና ቆመው ሻይ ጠጡ።

"አሁን ደንበኛ ቢገባ" አለ ሾፌሩ "'እነዚህ ወንበሮች ምን ቢሆኑ ነው ባለቤቱ ራሱ የማይቀመጥባቸው?' ይላል።"

ጋሽ ኤጭ ሳይመልስ ትልቁን መቀስ አነሳ። የራሱን ትራስ ከጥግ አወጣ፣ የሾፌሩን ተቀበለ፣ ሁለቱንም ቆርጦ ቆርጦ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። ቆዳው ሲቀደድ ትንሽ አንጀቱን በላው፤ ሥራው እኮ ያምር ነበር። ያን ጊዜ የሱ ከረጢት፣ የሾፌሩ ሳይሆን የሱ፣ ረጅም፣ ያልታፈረ ድምፅ አሰማ። ሚስቱ ስኒዋን አየር ላይ አቆመች።

"ኤጭ" አለ ጋሽ ኤጭ፣ ቀስ ብሎ። "ተሳቢው ነው። መንገድ ልቀቁ።"

ሾፌሩ ግድግዳ ይዞ ሳቀ።

ዶክተሯ በመጨረሻ ፈቀደችለት። ዝርግ፣ ወፍራም፣ ቀዳዳ የሌለው ስፖንጅ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወለሉ ያዘ። ደነዘዘ፣ ጎረበጠው፣ እንግዳ ሆነበት፣ ግን ያዘ። እንደ ድሮው ሊያወዛውዝ ፈለገና ፈራ። የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ ተነሳ።

አመሻሽ ላይ ነፋስ ተነሳ። የግቢው በር ጮኸ፣ ሚስቱ መጣች። እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ቧንቧው ዞረች። እጇ ሎሚውን ፈልጎ ባዶውን ቀረ። ጋሽ ኤጭ የቤቱ በር ላይ ቆሟል።

"ሎሚው የታል?"

"ጣልኩት።"

"ምን ነካህ? ዛሬ አሳምሬ ነው የተበከልኩት፣ ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ እኮ።"

"ትሸቻለሽ" አለ። አፍንጫው ተጨማደደ፣ ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ በሩን ግን ወለል አድርጎ ከፈተላት። "ኤጭ! ከዚህ ሆኜ እንኳ ይሸተኛል። ነይ ግቢ፣ ብርዱ ገደለሽ።"